ጨረቃ ጥለው ይቅርታ የጠየቁ ሰዎች

እኛ ሰፈር ጌም ማለት ኳስ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ተራ ይያዛል፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አለቀ። ከዚህ ወጣ ያለ ነገር ልጫወት የሚል ካለ የባለቤቱን ፊት አይቶ ሐሳቡን ይቀይራል። በተለይ የጃፓን ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚባለው ዘር፣ አንዱን ታሪክ ከዳር ለማድረስ አርባና ሃምሳ ሰዓት የሚጠይቀው፣ በሰዓት ለሚከራይ ጆይስቲክ የተፈጠረ አይደለም። ከመካከላችን በዚህ በሽታ የተለከፍነው ጥቂቶች የተለከፍነው እቤታችን፣ ከጓደኛ ጓደኛ በተገለበጠ ሲዲ ነው።

ዛሬ የምናወራችሁ ግን አንዳችንም ጠግበን ስላልተጫወትነው ጌም ነው። «ፋይናል ፋንታሲ 14» ይባላል። ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ በየወሩም በዓለም አቀፍ ካርድ ይከፈልበታል። ሁለቱም ለብዙዎቻችን ቀላል ሆነው አያውቁም። ታዲያ ያልጠገባችሁት ጌም ምን አስለፈለፋችሁ ካላችሁን፣ ከጌሙ ይልቅ የተሠራበት ታሪክ ስለያዘን ነው። አንድ ሀብታምና ስመ ጥር ድርጅት በአደባባይ ወደቀ። ከዚያ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ወድቄያለሁ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኛን የፈለገ ሰባት ወይ ስምንት እየቀነሰ ያንብብ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በኋላ ስኩዌር ኤኒክስ የሆነው የቶኪዮው ስኩዌር በ2002 «ፋይናል ፋንታሲ 11»ን አውጥቶ ነበር። ከተከታታዩ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ በአንድ ዓለም ውስጥ አብሮ የሚጫወትበት የመጀመሪያው ነው። ለዓመታት ጥሩ ገንዘብ አስገባ። ስለዚህ የዚህን ወራሽ መሥራት ሲታሰብ ኃላፊነቱ ለዚያው ሰው፣ ለሂሮሚቺ ታናካ ተሰጠ። ታናካ ጀማሪ አልነበሩም። በ1987 የወጣው የመጀመሪያው «ፋይናል ፋንታሲ» ሲሠራ እዚያው ነበሩ። በጁን 2009 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደው ኢ3 በተባለው ትልቅ የጌም ትርኢት ላይ አዲሱ ጌም ይፋ ሲሆን ሰው ጮቤ ረገጠ። ሙዚቃውን ራሳቸው ኖቡኦ ኡኤማትሱ ይሠሩታል ተባለ። የተከታታዩን ዜማ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ገንዘብ አለ፣ ስም አለ፣ ልምድ አለ። ምን ሊጎድል ይችላል?

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2010፣ እኛ መስቀልን ባከበርን በሦስተኛው ቀን፣ ጌሙ ለሽያጭ ቀረበ። የጎደለው ያኔ ታየ።

መልኩ ያምራል። ችግሩ መንካት ሲጀምሩ ነው። አንድ ዝርዝር ለመክፈት፣ አንድ ዕቃ ከከረጢት ለማውጣት፣ ለእያንዳንዷ ነገር ሰርቨሩ እስኪመልስ ደጅ መጥናት ነበረብህ። ሜዳውና ተራራው እየተገለበጠ የተለጠፈ ስለነበር ሩብ ሰዓት ሄደህ ቅድም ያየኸው ኮረብታ ላይ ትደርሳለህ። ገበያው ደግሞ ጉድ ነበር። ሻጮች ተወካዮቻቸውን አዳራሽ ውስጥ ያቆማሉ፣ ገዢው አንድ በአንድ እየጠየቀ ይዞራል፤ የትኛው ምን እንደሚሸጥ የሚነግረው የለም። መርካቶ እንኳ ሸማ ተራ አለ፣ ሸክላ ተራ አለ! በዚህ ላይ ብዙ እንዳትጫወት የሚገድብ ሕግ ነበረው። በሳምንት በአንድ ሙያ ስምንት ሰዓት ከሠራህ በኋላ ልፋትህ የሚያስገኝልህ ነጥብ እየቀነሰ ይሄድና ከሰባት ሰዓት በኋላ ዜሮ ይገባል። ከፍለህ ገብተህ «ዛሬ በቃህ» የሚልህ ጌም አስቡት።

የሚገርመው ግን መበላሸቱ አይደለም። የተበላሸ ጌም ሞልቷል። የሚገርመው፣ ከመውጣቱ በፊት በበጋው ወራት እንዲሞክሩት የተጋበዙ ተጫዋቾች ይህንኑ መናገራቸው ነው። አልሆነም፣ አልደረሰም ብለዋል። ቀኑ ግን ተቆርጧል፣ ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ሪባኑ ይጠብቃል። ወጣ። የተቺዎችን ነጥብ የሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ከ100 ከ50 በታች ሰጠው። ይህ ከዓመት ዓመት አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ በሚኒስትሪ ፈተና እንደመውደቅ ነው።

እዚህ ላይ የአበባ ማሰሮዋን እናምጣት። ከዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በሚካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ አዲሱ ኃላፊ ቆሞ ስለ ውድቀቱ ሲያስረዳ የአንዲት የአበባ ማሰሮ ሥዕል አሳየ። መንገድ ዳር የምትቀመጥ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ማሰሮ። እሷን ለመሥራት የዋለው ፖሊጎን፣ ብርሃንና ጥላዋን የሚያሰላው ኮድም ጭምር፣ ለአንድ ሙሉ የተጫዋች ገጸ ባሕርይ ከዋለው ጋር እኩል ነበር። ሰውና ማሰሮ እኩል! ኮምፒውተሩ ማሰሮዋን ሲያስጌጥ አቅሙ ያልቅና ስክሪኑ ላይ ከሃያ ሰው በላይ ማሳየት ያቅተዋል። ሰው በብዛት ሊሰባሰብበት በተሠራ ጌም ውስጥ ማለት ነው።

ማሰሮዋን የሠራው ሰው ሰነፍ እንዳልነበረ ልብ በሉ። ታትሮ ሠርቷል፣ ምናልባት እያመሸ። ማሰሮዋ ውብ ነበረች። ማንም ግን «ይህችን ማነው የሚያያት?» አላለም። እኛ ይህን ታሪክ ከሰማን ወዲህ እርስ በርሳችን «የአበባ ማሰሮ ነው» የምንባባልበት ነገር በዝቷል።

ወደ ይቅርታው። በዲሴምበር 10 ቀን 2010፣ ጌሙ ከወጣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ዮይቺ ዋዳ ተጫዋቾችን ይቅርታ ጠየቁ። ታናካ ከኃላፊነታቸው ወረዱ። ለፕሌይስቴሽን 3 ሊወጣ የነበረው ቅጂ ላልተወሰነ ጊዜ ቆመ። ወርኃዊ ክፍያውም ቀረ፤ እስከ ጃንዋሪ 2012 ድረስ፣ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ማንም ምንም አልከፈለም። በሴፕቴምበር 2011 ዋዳ ጨምረው የፋይናል ፋንታሲ ስም ክፉኛ እንደተጎዳ በአደባባይ ተናገሩ። የራሱን ዕቃ ስም ማርከሱን በራሱ አፍ የሚናገር የድርጅት ኃላፊ ስንቴ ሰምታችኋል?

በዚህ ነጥብ ላይ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ፣ ሁሉንም ነገር የሚጠራጠረው፣ «ጃፓን ውስጥ ኃላፊ ተሰልፎ ማጎንበስ የተለመደ ነው፤ ካሜራ ፊት ጎንበስ ይሉና ነገ እንደ ትናንቱ ይቀጥላሉ» አለን። «ደግሞም ኃላፊ መቀየር ምን ይገርማል? አንድ ሰው ይጭኑበትና ሌላው ይድናል።» እውነቱን ለመናገር ግማሹን አሳምኖናል። የኃላፊ መቀየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፈውም ነበር። እኛን ያሸነፈን ከማጎንበሱ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው።

የተተካው ሰው ናኦኪ ዮሺዳ ይባላል። ተጫዋቾቹ «ዮሺ-ፒ» እያሉ ስለሚያቆላምጡት እኛም አንቱታውን እንተወው። ከዚያ በፊት «ድራገን ክዌስት» በተባለው ሌላው የድርጅቱ ተከታታይ ላይ ይሠራ ነበር፤ ከጃፓን ውጭ ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ግን ነበረው። ራሱ የኢንተርኔት ጌም ሱሰኛ ነበር። የአሜሪካኖቹን ሳይቀር ለዓመታት ተጫውቷል፤ ሰው ለምን እንደሚገባና ለምን ጥሎ እንደሚወጣ በራሱ ላይ አይቶታል። የቀድሞው ቡድን ውስጥ ደግሞ የተፎካካሪን ጌም ቁጭ ብሎ የተጫወተ ሰው ጥቂት እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ፊቱ ሁለት መንገድ ነበር፤ ያለውን ጌም እየጠጋገኑ መዝለቅ፣ ወይም አፍርሶ ከመሠረቱ መሥራት። ሁለቱንም መረጠ። አሮጌው እየታደሰ ይቀጥላል፣ ከጎኑ አዲሱ በድብቅ ይሠራል። በአንድ ቡድን! እየሄደ ያለ ታክሲ ጎማ መቀየር በሉት። ለምን አሮጌውን ዝም ብለው አልዘጉትም? ውስጡ ሰው ነበራ። ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ሰው እየሳቀባቸው በተበላሸ ጌም ውስጥ የቀሩ። እነሱን ማጣት ማለት አዲሱን የሚያምን የመጀመሪያ ሰው ማጣት ነው።

በማርች 11 ቀን 2011 ደግሞ ጃፓን በዚያ በታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ተመታች። የኤሌክትሪክ እጥረት ስለነበር ድርጅቱ ለመቆጠብ ብሎ የጌሞቹን ሰርቨሮች ለቀናት አጠፋ። እንዲያውም ሰው ባጣው ዓለም ላይ ጨለማ ተጨመረበት። ሥራው ግን አልቆመም። በኦክቶበር 2011 ሚስጥሩ ይፋ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ አዲስ ጌም እየተሠራ ነው፣ የቆየ ተጫዋች ሌላ ሳይከፍል ይገባበታል።

ዮሺዳ በዚህ ሁሉ ጊዜ ለተጫዋቾቹ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ በኋላም በቀጥታ ሥርጭት እየቀረበ ጥያቄ ይመልስ ጀመር። ምን እየተሠራ እንደሆነ፣ ምን እንደማይሠራና ለምን እንደማይሠራ። እኛ ከደብዳቤዎቹ የምንወደው ይህን «አይሠራም» የሚለውን ነው። ለሁሉም ጥያቄ «በቅርቡ» የሚል መልስ ስለጠገብን ሊሆን ይችላል።

በ2014ቱ ጉባኤ ላይ የመጀመሪያው ጌም የወደቀባቸውን ምክንያቶችም ቆጠረ። ማሰሮዋ ላይ የታየው የግራፊክስ አምልኮ አንዱ ነው። የዘመኑን የኢንተርኔት ጌም አለማወቅ ሌላው። ሦስተኛው «ችግር ካለ በኋላ በፓች ይስተካከላል» የሚለው እምነት ነው። ከሦስቱ ይህኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዕውቀት ጉዳይ ናቸው፣ ይማሯቸዋል። ሦስተኛው ጠባይ ነው። «ይውጣና እናየዋለን» ያለ ሰው ነገ ከሚመጣው ሰው ጊዜ ተበድሯል፤ ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ ራሱ ሳይሆን ያ ሰው ነው። ታናካ የተበደሩትን የከፈለው ዮሺዳ ነው። ታናካን ለመውቀስ አይደለም፤ በ2012 ድርጅቱን ለቀቁ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የለፉበትን ቤት። «ይውጣ» የሚለውን ውሳኔ አንድ ሰው ብቻውን ይወስነዋል ብለን አናምንም።

አሁን ወደ ጨረቃዋ። ይህን የማያውቅ ሰው ይህን አንቀጽ ሁለቴ ያንብበው።

አሮጌውን ዓለም መዝጋት አለባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ማስታወቂያ ለጥፎ ሰርቨሩን ይነቅል ነበር። እነሱ ግን መዝጊያውን የታሪኩ አካል አደረጉት። ኤኦርዜያ በተባለው በዚህ ዓለም ሰማይ ላይ ዳላሙድ የሚባል ትንሽ ቀይ ጨረቃ ነበር። ከወራት በፊት ጀምሮ፣ በየእድሳቱ፣ ጨረቃዋ ትንሽ በትንሽ ትተልቅ ጀመር። ተጫዋቹ ቀና ይላል፤ ትናንት ከነበረችው ትቀርባለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጭራቆች ከተሞቹን ወረሩ፤ ሰዎች ከየአገሩ ተሰባስበው መጨረሻውን ሊጠብቁ አደባባይ ላይ ቆሙ። ኖቬምበር 11 ቀን 2012 ሰርቨሩ ጠፋ። ቀጥሎ በቀረበው ፊልም ጨረቃዋ ተሰነጠቀች፣ ከውስጧ ባሃሙት የተባለው ዘንዶ ወጣ፣ ዓለሙንም አቃጠለው። የተበላሸው ካርታ፣ እየተገለበጠ የተለጠፈው ኮረብታ፣ ሁሉም ነደደ።

ይቅርታ ማለት ይህ ነው እንላለን። የሠራኸውን ስህተት ሰው እንዲያየው አቁመህ ማፍረስ። ተጠራጣሪው ጓደኛችን «ማስታወቂያ ነው» ይላል። ማስታወቂያም ነው! ግን የራሱን ቤት በማቃጠል ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ቢያንስ ቤቱ መኖሪያ እንዳልነበረ አምኗል።

አዲሱ ጌም «ኤ ሪልም ሪቦርን» ተብሎ ኦገስት 27 ቀን 2013 ወጣ። ሰው ጎረፈ። እንዲያውም ከመጉረፉ ብዛት ሰርቨሩ አልችል ብሎ ሺዎች በር ላይ ቀሩ፤ ድርጅቱም በኢንተርኔት የሚሸጠውን ቅጂ ለጊዜው ከገበያ አወጣ። ያን ጊዜ ይቅርታ የጠየቁት ዋዳ በወንበራቸው ላይ አልነበሩም። በማርች 2013 ሌሎች ጌሞች የታሰበውን ያህል ባለመሸጣቸው ድርጅቱ ወደ 10 ቢሊዮን የን የሚጠጋ ያልተጠበቀ ኪሳራ ማስመዝገቡን አስታውቆ፣ እሳቸውም እንደሚለቁ ተነግሮ ነበር። ለሁለተኛ ዕድል ገንዘቡን የፈቀዱት ሰው ፍሬውን ከወንበራቸው ሆነው አላዩትም። ይህን የሚያስታውስ ሰው ስለማናይ እኛ እናስታውሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በችኮላ እንለፈው፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ትልቅ ተጨማሪ ታሪክ እየወጣ፣ በ2019 «ሻዶውብሪንገርስ»፣ በ2021 «ኤንድዎከር»፣ በ2024 «ዶውንትሬል»። የታወቁት ይበቃሉ።

ሁሉም ነገር ተረት ሆኖ አልቋል ብለን ግን አንሸነግላችሁም። የመጀመሪያው ጌም ዛሬ በድርጅቱ በኩል የሚጫወትበት መንገድ የለም። የኡኤማትሱ ዜማዎች በዲስክ ቀርተዋል፤ ዓለሙ ግን የለም። መጥፎ ነገርም ቢሆን ታሪክ ነው፤ ተማሪ ሄዶ ማሰሮዋን በዓይኑ ቢያያት ምን ነበረበት? ሌላም አለ። በሜይ 2021 የአዲሱ ጌም ዋና ሙዚቀኛ ማሳዮሺ ሶከን ባለፈው ዓመት ካንሰር ታክሞ እንደነበር፣ ሆስፒታል ተኝቶም እየሠራ እንደነበር በተጫዋቾች በዓል ላይ ተናገረ። ዮሺዳ እዚያው አለቀሰ፣ ተመልካቹም አለቀሰ። ሶከን ራሱ ሥራው ኃይል እንደሰጠው ተናግሯል፣ እናምነዋለን። ቢሆንም ይህን ታሪክ «ትጋት እንዲህ ነው» እያሉ የሚያሰራጩትን ስናይ ይከብደናል። የታመመ ሰው ይተኛ። ጌሙ ይዘገይ። ይህን ማለት የሚችል ድርጅት መሆኑን በ2010 ባለመዘግየቱ ከፍሎ ተምሯል አይደል?

የተማረው ደግሞ በዲሴምበር 2021 ታየ። «ኤንድዎከር» ሲወጣ ሰልፉ ሰዓታት ፈጀ። በዓለም ላይ ቺፕ ስለጠፋ ተጨማሪ ሰርቨር መግዛት አልተቻለም። ድርጅቱ ምን አደረገ? ለከፈሉት በድምሩ 21 የነፃ ቀን ሰጠና ጌሙን መሸጥ አቆመ፤ በገና ሰሞን፣ ገበያ በሚደራበት። እስከ ጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ድረስ አዲስ ገዢ ገንዘቡን ይዞ ቢመጣም አይሸጥለትም ነበር። ተጠራጣሪው ጓደኛችን እዚህች ላይ ዝም አለ። (ዝምታው ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም።)

ወደ 2013 መልሰን እናብቃ። በአሮጌው ጌም ውስጥ የቀሩትን ጥቂቶች ታስታውሳላችሁ? በተበላሸው ዓለም ቢያንስ ለሦስት ወር የከፈሉት ለዘለቄታው የወርኃዊ ክፍያ ቅናሽ ተሰጣቸው። የድሮ ገጸ ባሕርያቸውም ይዘው ተሻገሩ። በአዲሱ ታሪክ ውስጥ ጨረቃዋ ከወደቀች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ የኤኦርዜያ ሕዝብ ያኔ የተዋጉለት ጀግኖች እንደነበሩ ያስታውሳል፣ ፊታቸውንና ስማቸውን ግን ማንም ሊያስታውስ አይችልም። ልክ እነሱን ሊያስብ ሲሞክር ፀሐይ ዓይኑን እንደወጋችው ይሆንበታል። ከጌሙ ውጭ፣ የሠሪዎቹ ስም በሚወርድበት ዝርዝር ውስጥ ግን የእነዚያ ተጫዋቾች ስም አንድ በአንድ ተጽፏል። ዝርዝሩ በጣም ረጅም ነው። ስሙን የሚፈልግ ሰው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል።